ባሕር በአራስ ቤት

ቡሬ ውስጥ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ያለው ሰው ኑርሁሴን ብቻ ነው። ድሮ ጅቡቲ ይመላለስ የነበረ የከባድ መኪና ሾፌር ሲሆን አሁን የመለዋወጫ ሱቅ አለው። ሌላው ሾፌር ከወደብ ብርድ ልብስና ሽቶ ሲጭን፣ እሱ በጄሪካን ውሃ ኮራል ይዞ ይመጣ ነበር። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ አለው፤ ሲመቸው ይፈካል፣ ሲከፋው ይኮማተራል። ኑርሁሴን ይኸን ፍጥረት በመስታወት ገንዳ ውስጥ አምስት ዓመት አኑሮታል። ውሃ ያጣራል፣ የባሕር ጨው መዝኖ ይበጠብጣል፣ በየማለዳው ይለካል። ሰዎች «ጨው ካማረህ ገበያው ሞልቶልህ የለም ወይ?» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ሚስቱ ናዚፋ በወለደች በአስረኛው ቀን ግን ሳቁ ጠፋ። ኮራሎቹ ተኮማትረው ጫፍ ጫፋቸው ነጥቷል። ስምንት ነጥብ ሁለት መሆን የሚገባው የውሃው ልኬት፣ ፒኤች የሚሉት፣ ወደ ሰባት ነጥብ ስድስት ወርዷል፤ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው። የጎጃም ገበሬ ማሳው አሲድ ሲበዛበት ኖራ ይበትናል፤ የኑርሁሴን ገንዳም የያዘው ይኸው በሽታ ነው። ውሃውን በግማሽ ቀየረ፣ ቤኪንግ ሶዳ በጠበጠበት። ልኬቱ ለጥቂት ሰዓት ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። አምስት ዓመት የደከመበት ነገር ዓይኑ እያየ ሊሞትበት ነው፤ እህል አልወርድ አለው።

«ልጅ ተወልዶልህ ለድንጋይ ታለቅሳለህ?» አሉት አማቱ እማ ፈሂማ።

እማ ፈሂማ ከደምበጫ የመጡት አራስ ልጃቸውን ሊንከባከቡ ነው። በመጡበት ዕለት የናዚፋን አልጋ ሳሎን አስገብተው መስኮቶቹን ዘጉ፤ የቀረውን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፉ። ከዚያ ወዲህ ከሰሉ ከማንደጃው ጠፍቶ አያውቅም። ጠያቂው ደግሞ ገንፎውን በልቶ፣ መርቆ፣ ተጨናንቆ ይቀመጣል። ናዚፋ «ራሴን» ባለች ቁጥር እናቷ መሐረቡን ጠበቅ አድርገው ያስሩላታል። «ንፋስ የገባባት አራስ ዕድሜዋን ሙሉ ወገቤን እንዳለች ትኖራለች» ሲሉ ማን ይከራከራቸዋል?

የአፈር ምርመራ ባለሙያ የሆነው ጎረቤታቸው ክንፈሚካኤል አራስ ሊጠይቅ መጥቶ ገንዳው ፊት ቆመ።

«ውሃውን አሥር ጊዜ መርምረኸዋል። እስቲ ደግሞ አየሩን ጠርጥረው» አለ። «የሰው ትንፋሽና የከሰል አየር በታፈነ ቤት ውሃ ውስጥ እየገባ ልኬቱን ያወርደዋል። አንድ ብርጭቆ ቅዳና ደጅ አውጥተህ አናፍሰው።»

ኑርሁሴን ግቢው ውስጥ ተቀምጦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው፣ ውሃውን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ሲገለብጥ ግማሽ ሰዓት ቆየ። አንዲት ጠያቂ ስታልፍ አይታው «ውይ፣ የልጁ አባትስ ለየለት» አለች።

ከዚያ ለካው፤ ስምንት ነጥብ አንድ!

ምንም አልጨመረበትም፤ ንጹሕ አየር ብቻ። ኮራሎቹ ሊድኑለት ነው። እየዘለለ ወደ ቤት ሮጠ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ያ ሁሉ ክፉ አየር ውሃው ውስጥ ከገባ፣ ናዚፋስ የምትተነፍሰው ምኑን ነው? ሕፃኑስ? አስር ቀን ሙሉ «ራሴን» ስትል የነበረችውስ?

ገብቶ ማንንም ሳያናግር ማንደጃውን አንስቶ አወጣ። እማ ፈሂማ እንደ አራስ ነብር ተነሱበት።

«አንተ! ለድንጋይህ ብለህ ልጄን በብርድ ልትፈጅብኝ ነው?»

«ገንዳው ከፈለገ ይሙት፣ እማ» አለ። «ከሰሉ ነው ራሷን የሚያማት። ወላሂ፣ በታፈነ ቤት ከሰል ሳይታይ ይገድላል። ብርድ ልብስ ይደርቡላት፣ የእኔንም ካፖርት ይጨምሩላት። አየር ብቻ አይከልክሏት።»

እማ ፈሂማ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እማ፣ ትናንት ልጁን አቅፌ ስነሳ አዙሮኝ ልወድቅ ነበር» አለች ናዚፋ ቀስ ብላ። «እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩ።»

እማ ፈሂማ ወደ መስኮቱ ሄደው በገዛ እጃቸው የወተፉትን ጨርቅ አንድ በአንድ መዘው ጣሉት። የቡሬ አየር ቀዝቀዝ ብሎ ገባ። ሕፃኑ አነጠሰ፤ ቤቱ ሁሉ ደነገጠ፤ ናዚፋ ሳቀች።

ኑርሁሴን በዚያኑ ዕለት እናትና ልጁን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው፤ ደህና ናቸው ተባለ። ሲመለሱ ናዚፋ መንገድ ላይ አየት አደረገችውና «በየማለዳው ተነስተህ ውሃህን ስትለካ እኔ አጠገብህ ተኝቼ ነበር» አለችው። አልሳቀችም። ኑርሁሴን አፈረ።

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ሲነሳ መጀመሪያ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ራሷን ይጠይቃታል፣ እንቅልፏን ይጠይቃታል፣ ልጁን ይቀበላታል፤ በዚያው ውሃውን መለካቱ ይረፍድበታል። በሦስተኛው ቀን ኮራሎቹ መፍካታቸውን የነገረችው እሷ ናት።