ዳገቱ ላይ የተያዘ ቦታ

"እንዳታነሺው!" አሉ እትዬ ውባንቺ፣ ድንኳን ያለው ለቀስተኛ እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን አፍነው። "እንዳታነሺው ብያለሁ!"

መቅደስ የአባቷን ስልክ በሁለት እጇ ይዛ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ጴጥሮስ ሲደውል ይሄ ከጠዋት ጀምሮ ስድስተኛው ነው። ሰውዬው ያለው ኪጋሊ ነው፤ የዓለም ብስክሌት ሻምፒዮና ሊያይ ሄዶ ጓደኛውን አሸብርን ይጠብቃል። የመቅደስ አባት አሸብር ደግሞ ከተቀበረ ዛሬ ሰልስቱ ነው። ሰባተኛ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ቀብሮት ሲመለስ ጴጥሮስ ብቻ አልሰማም።

"መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አለቀ!" አሉ እትዬ። "ሲመለስ፣ ገና ሲነጋ፣ ሦስት አራት ሰው ሆነን ቤቱ ሄደን እናረዳዋለን። ሰው አገር፣ ብቻውን፣ ከነስኳሩ ከነግፊቱ! ቢወድቅ ማን ያነሳዋል?"

"ቀብሩ እኮ አመለጠው፣ እትዬ።"

"አመለጠው! አሁን ብትነግሪው ቀብሩ ይመለሳል?"

እትዬ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ወንድማቸውን በቀበሩ በሦስተኛ ቀናቸው ሌላ ሞት ፈርተው ነው።

አሸብር ሠላሳ ዓመት ሰባተኛ ብስክሌት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጴጥሮስ እዚያው አካባቢ ነጠላና ጋቢ ይሸጣል። በወጣትነታቸው ሁለቱም ለክለብ ብስክሌት ይጋልቡ ነበር፤ ማናቸውም አንድ ቀን እንኳ አላሸነፉም፣ ወሬው ግን የአሸናፊ ነበር። ውድድሩ አፍሪካ ሊመጣ ነው ሲባል አበዱ። ፓስፖርት አወጡ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ተወጉ፣ አሸብር የኪጋሊን ካርታ አሳትሞ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ጎማ ሊያስነፋ የመጣውን ሁሉ እያቆመ የውድድሩን ዳገት በጣቱ ያሳይ ነበር።

"ሜዳ ላይ ምን ታያለህ? እልም ብለው ነው የሚያልፉህ። ዳገት ላይ ነው ፊታቸው የሚታየው!"

ስለዚህ ጴጥሮስ ቀድሞ ሄዶ ዳገቱ ላይ ቦታ ሊይዝ፣ አሸብር ዓርብ ሊከተለው ተስማሙ። ሐሙስ ከሰዓት አሸብር ሻንጣውን እየዘጋ "ደረቴን" አለ። ሐኪም ቤት አልደረሰም። ዓርብ፣ የደመራ ዕለት፣ ቀበሩት።

ያን ዕለት ጴጥሮስ ሊቀበለው ከሄደበት አየር ማረፊያ ሲደውል "ጻፊለት!" ያሏት እትዬ ናቸው። መቅደስ በአባቷ ስልክ፣ አባቷን ሆና "በረራው ተላልፏል፣ እመጣለሁ" ብላ ጻፈች። ቅዳሜም ጻፈች። "አይዞህ፣ ብቻ ና፤ ቦታህን ለማንም አልሰጥም" የሚል መልስ መጣላት። እንኳን ለእሱ፣ ለራሷም አባቷ መንገድ ላይ ያለ መስሏት ነበር እኮ።

ስልኩ ዝም አለ። ጎረቤታቸው ሰአዳ የሻይ ፔርሙስ ይዛ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እኔ ብሆን ማወቅ ነው የምፈልገው" አለች በሹክሹክታ። "ጓደኛው አፈር ገብቶ እሱ እዚያ ይጨፍራል? ነውር ነው፣ በአላህ!"

ከውጭ "ቄሱ መጡ" ሲባል እትዬ ተነሥተው ወጡ። ስልኩ ለሰባተኛ ጊዜ ጮኸ፤ አሁን በቪዲዮ ነው። መቅደስ ፊቷን ጠረገች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ አነሳችው።

"መቅዲ! የታለ ይሄ ሰውዬ?" ጴጥሮስ ከሕዝብ መሀል ይጮሃል፤ ከበሮና ፊሽካ ይሰማል። "ሊደርሱ ነው እኮ!"

"ትንሽ አሞት ነው፣ ጋሼ። ጉንፋን።"

"አሸብር በጉንፋን ይቀራል? ስጪኝ እስቲ!"

"ተኝቷል።"

"ቀስቅሺዋ! ሁለት ዓመት ሙሉ…"

ድንገት አቆመ። መቅደስ ስለ ፊቷ ተጠንቅቃለች፣ ስለ ድምጿ ተጠንቅቃለች፤ ነጠላዋን ግን ረስታዋለች። ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ዕድሜውን ነጠላ ሲሸጥ ለኖረ ሰው!

"ማን ነው?" አለ ጴጥሮስ።

መቅደስ ጥለቱን ከአንገቷ ወደ ታች ጎተተች።

"መቅዲ፣ ማን ነው?"

"አባዬ።"

"መቼ?"

"ሐሙስ።"

"ዓርብ የጻፈልኝ…"

"እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

እትዬ ተመልሰው በሩ ላይ ደርሰዋል፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። መቅደስ "ቁጭ ይበሉ፣ ጋሼ! አጠገብዎ ሰው አለ?" ትላለች።

ጴጥሮስ አልተቀመጠም፣ አልጮኸምም። ከኋላው ሕዝቡ አገሳ። ብስክሌተኞቹ ዳገቱ አድክሟቸው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ቀስ እያሉ መጡ፤ መቅደስ የእያንዳንዳቸው ፊት ይታያታል። ጴጥሮስ ግን ስልኩን ፊቱ ላይ እንደያዘ እሷን እሷን ያያል። የመጨረሻው ጋላቢ እስኪያልፍ አንዴም ዞር አላለም።