አንዴ ብቻ ልላጨው

የእህቴ ባል ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ቶርኖ ገዛ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ውሻ ያሳድጋል፣ ወይ ጋዜጣ ያነባል፣ ወይ ከሚስቱ ጋር መነታረክ ይጀምራል። እሱ ሦስቱንም በአንድ ዕቃ ጠቀለላቸው። ቶርኖው እንደ ውሻ ይጮኻል፣ እንደ ጋዜጣ እጅ ያጠቁራል፣ ንትርኩን ደግሞ ራሱ ያመጣል።

ሠላሳ አምስት ዓመት ፋርማሲስት ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ክኒን ሲቆጥር ኖሮ በብረት ምን እንደለከፈው አላውቅም። ዕቃው ከአንድ የተዘጋ ጋራዥ የተገኘ አሮጌ ነው፤ ብረቱን በመንጋጋው ነክሶ ያሽከረክረዋል፣ በስለት ይላጨዋል። ስድስት ሰው ተሸክሞ ከቤታቸው ጀርባ ያለችው ክፍል አስገባለት። ክፍሏ ምድር ላይ ናት፤ በሯ በቀጥታ ወደ ግቢው ይከፈታል፣ መታጠቢያ ቤቱ አጠገቧ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባታል። ይህን የምዘረዝረው ክፍል ላከራይ ብዬ አይደለም። እናቴ ስለምትፈልጋት ነው።

እናቴ ከእኔ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምትኖረው። ሊፍት የለም፣ ሰባ ሁለት ደረጃ አለ። ጉልበቷ እምቢ ካላት ስምንት ወር ሆኗት ነበር፤ በነዚህ ስምንት ወራት መሬት አልረገጠችም። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ከታች የሚያልፈውን ሰው አናት አናቱን ታያለች። «የሰፈሩን ሰው ሁሉ በመላጣው ለየሁት» ትል ነበር።

እህቴ ክፍሏን ለእማዬ እንዲለቅ አራት ጊዜ ጠየቀችው። አራት ጊዜም «ሞተሯን ልጨርስና» አላት።

ሞተሯ በሁለት መዳፍ የምትታቀፍ የእንፋሎት ሞተር ናት፤ አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ፒስተን፣ አንድ መዘውር። ምንም አትሠራም፤ ዝም ብላ ትዞራለች፤ የዚህ ሙያ ክብሩም እሱ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ አማቼ ለቶርኖው መቆሚያ ሠራ፣ ለስለቱ መያዣ ሠራ፣ ስለቱን የሚስል መሣሪያ ሠራ፣ የሚስለውን መሣሪያ የሚያስቀምጥበት ሣጥን ሠራ። ለሣጥኑ የናስ እጀታ ሠራለት። ሞተሯ ግን መዘውርና ተስፋ ብቻ ነበረች።

ለዚህ ጥፋት ተባባሪዎች ነበሩት። የሚሰበሰቡት ዓርብ ዓርብ ነው። የመጀመሪያው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ከፊታቸው «መምህር»፣ ከኋላቸው «ማይክሮን» እንላቸዋለን። ፀጉርን ለሰባ ከፍሎ የሚለካ ማይክሮሜትር በኪሳቸው ይዞራል፤ ለማንም አያውሱም። በክፍሏ ግድግዳ ላይ ምክር ይለጥፋሉ፤ «እጅጌህን ሰብስብ»፣ «የመንጋጋውን ቁልፍ ሳትነቅል ሞተር አታስነሳ»፣ «ትኩስ ብረት አይለካም»። ምክሮቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። የራሳቸው ሥራ ለስድስት ዓመት በአንሶላ እንደተሸፈነ ነው። ሁለተኛው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ማንኛውንም ብረት «እስቲ ክፈት» በሚል ዓይን ያየዋል።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ፣ ምሳ ላይ፣ እህቴ ሳህኗን ገፋ አደረገች።

«ስማኝ ሰውዬ። ያቺ ሞተርህ ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ በራሷ ስትዞር በዓይኔ ካየሁ ክፍሉ ያንተ ነው፤ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ካልዞረች ቶርኖው ይወጣል፣ እማዬ ትገባለች።»

«በእንፋሎት ነው ወይስ በነፋስ?» አላት።

«በጸሎትም ቢሆን ግድ የለኝም።»

እህቴ እንዲህ የተወራረደችው እንደማትዞር እርግጠኛ ሆና ነው። የአራት ዓመት ማስረጃ ነበራት። ያላወቀችው ነገር፣ በዚያ ሳምንት መምህር በጉንፋን ተኝተው፣ ጥርስ ሐኪሙም ለስብሰባ ከከተማ ወጥቶ እንደነበር ነው። መካሪ ጠፋ፤ ሥራው ሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእማዬን መድኃኒት መጠን ልጠይቀው ስሄድ አማቼ ክፍሉ መሃል ቆሞ አገኘሁት። አላየኝም። የመኪና ጎማ የሚነፋበትን መጭመቂያ በቀጭን ቱቦ ከሞተሯ ጋር አገናኝቶታል፤ እነዚህ ሰዎች እሳት ከማንደዳቸው በፊት በነፋስ ይሞክራሉ። ቁልፏን ቀስ አድርጎ ከፈታት። መዘውሩን በጣቱ ነካ አደረገው።

ዞረች። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም፤ ቆጥሬ ተውኩት። አማቼ አፉን በቅባት እጁ ያዘ፤ ከንፈሩ ጠቁሮ ቀረ።

«አየህልኝ አማቼ?» አለኝ። «አየህልኝ?»

«አየሁ ጋሼ። እንኳን ደስ አለህ።»

ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ደስታዬ አንድ ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ ሰባ ሁለቱ ደረጃዎች ትዝ አሉኝ፣ በረንዳው ትዝ አለኝ፣ መላጣዎቹ ትዝ አሉኝ። ቅዳሜ እህቴ ትመጣለች፣ ሞተሯ ትዞራለች፣ እማዬም የሚቀጥለውን ዓመት እዚያው ሰማይ ቤት ታሳልፋለች።

ሞተሯ የታሠረችበት ጣውላ ላይ ካሉት አራት ብሎኖች አንዱ ላልቶ ነበር። በዞረች ቁጥር ጣውላውን ቀጭ ታደርገዋለች። ሩብ ዙር ቢጠብቅ ዝም የሚል ነገር ነው። ብሎኑን አየሁት። ብሎኑም አየኝ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ይሄ ቀጭ ቀጭ የሚለው… እንዲህ ነው የሚባለው?»

ሌላ ምንም አላልኩም። የእነዚህን ሰዎች ጠባይ ለአራት ዓመት ጥግ ይዤ ሳጠና ከርሜያለሁ፤ ያላለቀ ነገር ያጽናናቸዋል፣ ያለቀ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳቸዋል። አማቼ ጆሮውን ወደ ሞተሯ አዘነበለ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ስልኩን አነሳ።

ዓርብ ሁለቱም መጡ፤ መምህር በአንገት ልብስ ተጠቅልለው፣ ጥርስ ሐኪሙ በቀጥታ ከመንገድ። ሞተሯ ተነሳች። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ትዞራለች» አሉ መምህር፣ «መዞሩንስ ማንም ይዞራል።»

«ውስጥ ነው» አለ ጥርስ ሐኪሙ። «ሥሩ ላይ ነው። ካልተከፈተ አይታወቅም።»

«ፒስተኑ ጠብቋል» አሉ መምህር። «መቶኛ ሚሊሜትር። አንዲት መቶኛ ብታነሳለት ውኃ ነው የሚሆነው።»

«ነገ ስድስት ሰዓት ነው ቀጠሮዬ» አለ አማቼ። «አሁን መፍታት…»

«እንዲህ እያለች ልታሳያት ነው?» አሉት መምህር። «ለሚስትህ?»

አማቼ ካቻቢቴውን አነሳ። «አንዴ ብቻ ልላጨው» አለ። በዚህ ሙያ ከዚህ ዓረፍተ ነገር በኋላ የሚመጣ ደግ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ፒስተኑ ወጥቶ መንጋጋው ውስጥ ገባ። ቶርኖው ጮኸ። ናሱ ወርቃማ ፍርፋሪ እየረጨ ተላጨ፤ ገና እጅ እያቃጠለ ሳለ መምህር ማይክሮሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ይለካ!» ብለው ለኩት። ልክ ነው። ትኩስ ብረት እንደሚያብጥ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚኮማተር በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ከራሳቸው በላይ ተለጥፎ ነበር። ረጅም ሰው ቢሆኑ ኖሮ ግንባራቸውን ይነካቸው ነበር።

«አሁን ማለስለስ ነው» አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ከቦርሳው ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ። «ጥርስ የማጸዳበት ዱቄት አለኝ፤ መስታወት ያደርገዋል።»

መስታወት አደረገው። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ዘይት ቀብተው ሲሊንደሩ አፍ ላይ አቆሙት። አማቼ በጣቱ ሊገፋው ነበር፤ መግፋት አላስፈለገም። ጉድጓድ እንደተጣለ ጠጠር ወረደና በሌላው በኩል ወጥቶ ጫማው ላይ አረፈ።

መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ብሆን» አሉ፣ «አዲስ እሠራ ነበር።»

አዲስ መሥሪያ ናስ አልነበረም። የመጨረሻው ናስ የሣጥን እጀታ ሆኗል፤ እሱም መሃሉ ቀዳዳ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እማዬን አዝዬ ወረድኩ። በየፎቁ አረፍኩ። «ቀስ በል ልጄ» አለችኝ በጆሮዬ፣ «እኔም አንተን ሳዝልህ አልሮጥኩም።» መሬት ስትረግጥ የሚያልፈውን ሰውዬ ቀና ብላ ፊቱን አየችውና «ለካ አፍንጫም አለው» አለች።

እህቴ በር ላይ ጠበቀችን። እማዬን ሳመቻት። ቀጥላ በግራ እጄ የያዝኩትን አየች።

«ሻንጣውን ምን ልታደርገው አመጣኸው? ገና ስድስት ሰዓት አልሆነም።»

«ሊበርዳት ይችላል ብዬ ነው» አልኳት።

«ከነብርድ ልብሱ? ከነትራሷ?»

ወደ ጀርባው ክፍል ገባን። አማቼ ካልሲውን ሳያዛምድ ቆሟል፤ ክፍተቱን እንዲሞላ ፒስተኑ ላይ ዘይት የጠጣ ክር ጠምጥሞበታል። መምህርና ጥርስ ሐኪሙ እንደ ሚዜ ግራና ቀኝ ቆመዋል። እማዬን ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ሰዓቱ ሲደርስ አማቼ ቁልፏን ከፈታት።

ሞተሯ ፍስስስ አለች። መዘውሩ ግማሽ ዙር ሄደ፣ አሰበበት፣ ተመለሰ። እንደገና ነካው። ግማሽ ዙር ሄዶ ተመለሰ።

«በመሠረተ ሐሳብ ደረጃ» አሉ መምህር፣ «ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ነው።»

«መምህር፣ እርስዎ ዝም ይበሉ» አለች እህቴ።

አማቼ ላቡን ጠረገ። «ሐሙስ ዞራ ነበር። በእግዜር ስም! እሱ ይመስክር፤ አይቷል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቢያንስ አልዋሽም። «ዞራለች» አልኩ። «በደንብ ነው የዞረችው።»

«ታዲያ የምትዞረውን ምን አድርጉ ብሏችሁ ፈታችኋት?» አለች እህቴ።

«ቀጭ ትል ነበራ!»

እማዬ ከወንበሯ ቀና አለች። «የኔ የልብስ መኪና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትንቋቋ ነው የኖረችው። እየሰፋች።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው» አለች እህቴ። ከዚያ ግን ነገሩን አልለቀቀችም። «ቆይ፣ ቀጭ ማለቷን ማን ሰማ? አንተ እንደሆነ በር ሲንኳኳ እንኳ አትሰማም።»

«አማቼ ነው የነገረኝ፤ እግዜር ይስጠው» አለ ሰውዬው፣ ከልቡ። «ጆሮ አለው። ባይነግረኝ እኮ እንዲያው እያለች ትቀር ነበር።»

እህቴ አየችኝ። ሻንጣውን አየች። እንደገና እኔን አየችኝ። ልጆች ሆነን የስኳሩን ቆርቆሮ ማን እንደነካ ስታውቅ የምታየኝ አስተያየት ነው። ለባሏ ትነግረዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልነገረችውም። የባሰ አደረገች።

«ቃል ቃል ነው» አለች። «ቶርኖው ይወጣል። እማዬ እዚህ ናት።»

አማቼ ቶርኖው ላይ እጁን ጣል አድርጎ ቆመ፤ ታማሚ ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው። ዓይኑ ረጥቧል። አንጀቴን በላኝ፤ እውነቴን ነው።

«የት ይሄዳል?» አለ። «መምህር ጋ…»

«ባለቤቴ» አሉ መምህር፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ። ጥርስ ሐኪሙ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ለቆሻሻ ብረት ሰብሳቢ እንዳልሰጠውማ ያሳዝነኛል» አለች እህቴ፣ ድምፅዋን ማር አድርጋ። «ወንድምዓለም፣ አንተ ቤት እኮ የእማዬ ክፍል ባዶ ሆኗል። አይደል? ደግሞ ወንደላጤ ነህ፣ የሚቆጣህ የለም። ጆሮም አለህ።»

«አራተኛ ፎቅ ነው» አልኩ።

«እማዬን አውርደህ የለ? ያው መንገድ ነው።»

አማቼ አቀፈኝ። በሸሚዜ ጀርባ ላይ እስከዛሬ ያልለቀቀ የቅባት እጅ አለ።

ሰባ ሁለቱን ደረጃ ቶርኖውን ፈታተን፣ ለስድስት ሰው ከፋፍለን አወጣነው። መምህር አልተሸከሙም፤ ከፊት እየሄዱ በየፎቁ «በጉልበታችሁ አንሱ እንጂ በወገባችሁ አይደለም» አሉን። ትክክል ነበሩ።

አሁን ዓርብ ዓርብ የሚሰበሰቡት እኔ ቤት ነው። የታችኛው ጎረቤቴ ሰላምታ አቁሟል። እማዬ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ስሄድ «እዚያ ላይ እንዴት ናችሁ?» ትለኛለች፣ አገር እንደለወጥኩ። አማቼ ሞተሯን እስካሁን መልሶ አልጀመራትም። ቶርኖ ከመነሳቱ በፊት የቆመበት ወለል ልክ መሆን አለበት ብለው፣ ሦስቱ በሆዳቸው ተኝተው በውኃ ልክ ቤቴን ከዳር እስከ ዳር ለኩት።

«አማቼ» አለኝ ከሥር ቀና ብሎ፣ «ወለልህ ሁለት ሚሊሜትር ወደ መስኮቱ ያጋድላል። ታውቅ ነበር?»

አስራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋዬ ላይ ጋደም ባልኩ ቁጥር ወደ መስኮቱ እየተንሸራተትኩ ነው።