አፍንጫ የታመነበት ቤት

ወይን ጠጅ ቀማሾች ሰውየውን «አፍንጫው» ነው የሚሉት፤ ስሙን የሚያስታውስ የለም። ይኸው የተመሰገነ አፍንጫ ታዲያ ከአንድ ጉንፋን በኋላ ሥራ ካቆመ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው። ሳሙናው አይሸተው፣ ሽንኩርቱ አይሸተው። ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም፤ ሰው እንዲህ ያለውን ምክር ለጎረቤቱ እንጂ ለራሱ መቼ ይሰማል?

ያን ቀን አሥር ጠርሙሶች በጨርቅ ተጠቅልለው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። የየት አገርና የስንት ዓመት እንደሆኑ የሚያውቀው ሽማግሌው አለቃ ብቻ ነው። አለቃው በሚቀጥለው ወር ጡረታ ይወጣል፤ ወንበሩን የሚረከበውን ሰው የሚመርጠውም በዚሁ ፈተና ነው። አፍንጫው ያን ወንበር ሃያ ዓመት ጠብቆታል።

በዓይኑና በምላሱ ተፍጨረጨረ። ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም የሄደውን «የቆየ» አለው። ምላስ የሚያደርቀውን «ዝናብ ያጣ ዓመት» ብሎ ጻፈ። እያጉመጠመጠ ባልዲው ውስጥ ይተፋል፣ ጀርባውን ላብ ያጠምቀዋል። ሰባተኛው ቀለሙ ያማረ ነበርና ሊያሞግሰው ብዕሩን አነሳ። ከጎኑ የተቀመጠችው ቀማሽ ግን ብርጭቆዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ፊቷን ቅጭም ስታደርግ አያት። አለቃው በየፈተናው ቡሹ የተበላሸ፣ እርጥብ ካርቶን የሚሸት አንድ ጠርሙስ ይደብቃል። አፍንጫው «የተበላሸ» ብሎ ጻፈ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ እሱ ግን ለጊዜው ተረፈ።

አለቃው ወረቀቱን አይቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ወንበሩ ያንተ ነው፣ ልጄ። ለሚስትህ እኔው ራሴ ልንገራት።»

አብረው ሄዱ። ሚስትየው በሩን ስትከፍት አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ነበር።

«ግቡ ጋሼ፣ ቀስ ብለው ብቻ። ልጃችን ሆዷን አሟት ተኝታለች» አለችና ወደ ባሏ ዞረች። «ጉንፋንህን አጋብተኸኝ አፍንጫዬ ተደፍኗል። ወጥ ቤት ስገባ ራሴን ያዞረኛል። ጋዙ እያፈሰ ይሆን? እስቲ አሽትተው።»

በዚያ ቤት ወተቱም፣ ሥጋውም፣ ጋዙም የሚመረመረው በእሱ አፍንጫ ነው። አለቃው ሳሎን ገብቶ ተቀመጠ። አፍንጫው በኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ወጥ ቤት ከፍቶ ገባ። ሚስቱ ብርዱን ፈርታ መስኮቱን ዘግታዋለች። ሁለት ጊዜ አየሩን ሳበ፤ ምንም። የምድጃውን ቁልፎች አየ፤ ሁሉም ዝግ ናቸው። ሳሎን ያለው ሰውዬ እየሰማው መሆኑን አሰበ።

«ምንም የለም» አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

«አንተ ካልክማ» ብላ ሻይ ልትጥድ ገባች።

እሱ ሳሎን ሄዶ ተቀመጠ። አለቃው ስለ ሰባተኛው ጠርሙስ ያወራል፣ እሱ ግን አንዱንም አልሰማም። ቁልፉ ዝግ ቢሆንስ፣ የጋዙ ጎማ ከኋላ ተሰንጥቆ ቢሆንስ? ያን ጊዜ የክብሪቱ ሳጥን ሲንኳኳ ሰማ።

«ጣይው!» ብሎ ጮኸ። «እንዳትጭሪው! አይሸተኝም። ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም ነገር አይሸተኝም!»

ሚስቱ ያልተጫረውን ክብሪት እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አለቃው ተነስቶ ወጥ ቤቱ በር ደረሰና አንዴ ሳበ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ሲሊንደሩን ዘጋ፣ መስኮቱን በረገደው።

«ሰባተኛውን በምን አወቅከው?» አለው ሲመለስ።

«ከጎኔ የተቀመጠችውን ቀማሽ ፊት አይቼ።»

«እንግዲያው ወንበሩ የእሷ ነው» አለና ኮቱን አንስቶ ወጣ።

አፍንጫው ወንበሩን ማጣት ያስለቅሰኛል ብሎ ነበር፤ አላስለቀሰውም። ሚስቱ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ወተቱንስ?» አለችው። «በየጠዋቱ እያሸተትክ ‹ደህና ነው› ብለህ ለልጅቷ የምትሰጣትንስ?»

ልጅቷ ከመኝታ ቤት ውሃ እንዲሰጧት ጠራች።