ቦስታንጂው ማን ነበር?

በአሌፖ ከተማ፣ በአርመኖቹ ሰፈር በኖር ኪዩግ፣ የፀጉር አስተካካዩ የሚሳክ ቦስታንጂያን እጅ በሁለት ነገር የታወቀ ነበር። ምላጭ ሲይዝ ቆዳ አይቆርጥም፤ ተክል ሲይዝ ደግሞ ተክሉ አይተርፍም። ደንበኞቹ እያመጡ ሱቁ ደጃፍ ላይ የሚያስቀምጡለት የበሶብላና የናና ጣሳ ሁሉ ሳይሰነብት ጠውልጎ ይጣላል። ሰፈርተኛው ደግሞ ይህን አይቶ ዝም የሚል አልነበረም። ቦስታንጂ በቱርክኛ አትክልተኛ፣ ቦስታንጂያን የአትክልተኛ ልጅ ማለት ነውና።

“ባሮን ሚሳክ፣” ይሉታል፣ እኛ አቶ እንደምንለው መሆኑ ነው፣ “የሶርያ በረሃ የጀመረው ከናንተ ጓሮ ነው የሚባለው እውነት ነው?”

ሚሳክ አብሮ ይስቅና ወሬውን ወደ ሌላ ይወስደዋል። አንድ ቀን እንኳ “አባቴ እንዲህ ነበር፣ አያቴ እዚህ ቦታ ተክሎ ነበር” ብሎ አያውቅም።

ሴት ልጁ ሳቴኒክ ይህን ዝምታ ለረጅም ጊዜ ልብ አላለችውም ነበር። ጠያቂ ሳትሆን ቀርታ አይደለም። ልጅ ሳለች የቤቱን ሰዓት ውስጡን ለማየት ፈታታ መግጠም አቅቷት ከእናቷ ጥፊ የቀመሰች ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ ጋር ብቻዋን ትኖራለች፤ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ የሚወዷት መልሱን ከመንገሯ በፊት “እስቲ ለምን ይመስላችኋል?” ስለምትል ነው፤ የሚጠሏትም በዚያው ነው።

ያኔ አገሩን የሚያስተዳድሩት ፈረንሳዮች ነበሩ። በዚያ በጋ ከአናቶሊያ ተሰደው የመጡት ሁሉ የድሮ ወረቀታቸውን መልሰው አዲስ መታወቂያ እንዲያወጡ ታዘዘ። ታዲያ የመዝገቡ ጸሐፊ ስምህ ማን ነው ሲል፣ የምትነግረው ያው ይጻፍልሃል፤ ትናንት ማን ነበርክ ብሎ የሚከራከርህ የለም። ይህ ሲሰማ ሰፈሩ በስም ወሬ ታመሰ። ቱርክኛውን ከስሙ ላይ መፋቅ የፈለገ ብዙ ነበር።

ከነዚህ አንዱ የታሪክ አስተማሪው ቫህራም ነበር። አንድ ቀን በመምህራን ክፍል ሻይ እየጠጡ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ደሚርጂያን የሚባል ሰው አላውቅም፣” አለ። “ታርፒኒያን በሉኝ።”

“ምን ለወጠው?” አለች ሳቴኒክ። “ሁለቱም ብረት ቀጥቃጭ አይደል?”

“አንዱ በቱርክኛ ነው የሚቀጠቅጠው፣ አንዱ በአርመንኛ።”

“ብረቱ ይሰማዋል?”

“ሳቂ አንቺ። ያንቺ ከኔ ይብሳል። ቦስታንጂ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?”

“ጎመን የሚያጠጣ ሰው ነዋ።”

“በሰፈር ቋንቋ አዎ። ኢስታንቡል ግን ሌላ ነው። የሱልጣኑን ግቢ የሚጠብቁት ወታደሮች ነበሩ ቦስታንጂ የሚባሉት። እውነትም አትክልተኞች ነበሩ፤ ጠዋት የሱልጣኑን ጽጌረዳ ይከረክማሉ። ሱልጣኑ በአንዱ ባለሥልጣን የተቆጣ ቀን ደግሞ አለቃቸው ገመድ ይዞ ይሄዳል። አንገት ማነቅም የነሱ ሥራ ነበር።”

ሳቴኒክ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

“ባርዲዝባኒያን በይው፣” አለ ቫህራም ድምፁን አለዝቦ። “አትክልተኛነቱ እንዳለ ነው፤ ገመዱ ብቻ ይቀርልሻል።”

ወደ ቤቷ ስትሄድ የተሰማት ፍርሃት አልነበረም፤ ሰዓቱን በልጅነቷ ያስፈታት ያው ነገር ነው። የቱ ነበር ታዲያ የኛ? የጎመኑ ወይስ የገመዱ?

ሱቁ ስትደርስ አባቷ ሳሙና ነጋዴውን አቡ ፈዋዝን እየላጨ ነበር። የሰውየው ፊት እስከ ዓይኑ በአረፋ ተሸፍኗል።

“አባዬ፣ አያቴ ምን ነበር የሚሠራው?”

“አትክልተኛ ነዋ። ስማችን ምን ይላል?”

“የምን አትክልተኛ? የጎመን? የወይን? የሰው ጓሮ ነው ወይስ የራሱ?”

“ሳቴኒክ፣ እጄ ላይ ምላጭ አለ።”

አቡ ፈዋዝ ከአረፋው ውስጥ ሳቀ። “ልጄ፣ በስም አትታለዪ። የኔስ ቤተሰብ ስም ማን ይመስልሻል? ጀኔይናቲ። አትክልተኛው ማለት ነው።” ጀኔይና ዐረቦቹ ለትንሽ የአትክልት ቦታ ያወጡት ስም ነው፤ ከኛው ገነት ጋር አንድ ሥር ሳይኖረው አይቀርም። “አባቴ ሳሙና ነጋዴ፣ አያቴ ሳሙና ነጋዴ፣ የአያቴ አባትም ሳሙና ነጋዴ። ማን እንደተከለ፣ የት እንደተከለ እግዜር ይወቅ።”

“አንድም ሰው አልጠየቀም?”

“ማን ይጠይቃል? ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። ሰዓት ሠሪው ግሪክ ፔሪቮላሪስ ነው የሚባለው፤ ትርጉሙን ብጠይቀው ‘አትክልተኛ’ አለኝ። ባቡር ሐዲዱን ሲዘረጉ አንድ ጀርመን ነበረ፣ ጌርትነር የሚሉት፤ እሱም ያው። አሁን ጦር ሰፈሩ ውስጥ ያለው ፈረንሳዊ ሃምሳ አለቃ ደግሞ ዣርዲኒዬ ነው። ሁላችንን ሰብስበው አንድ ማሳ ላይ ቢያቆሙን፣ ዶማውን በየት በኩል እንደሚይዙት የሚያውቅ አንድ ሰው አይገኝም።”

ሳቴኒክ ሳቀች። አባቷ አልሳቀም። አቡ ፈዋዝ ወዲያው “እ…” አለ፤ በነጩ አረፋ ላይ ቀይ መስመር ወረደ። ሚሳክ ፎጣ ፍለጋ ዞር ሲል ፊቱ ከቆሰለው ሰው ፊት በላይ ገርጥቶ ነበር። በዚያ ሱቅ ሰው ሲደማ ሳቴኒክ አይታ አታውቅም።

ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። በማግስቱ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ግን ወደ ዲጊን ማክሩሂ ቤት ሄደች። እትዬ እንደማለት ዲጊን የሚሏት ይህች ባልቴት የአባቷ አገር ሰው ናት፤ የአይንታብ ልጅ። ከዚያ ከተማ ከመጡት ውስጥ በዕድሜ የምትበልጣት የለችም። ደጃፏ ላይ በርጩማ አውጥታ የአይንታብን ጥልፍ ትጠልፋለች። ዓይኗ ስለደከመ መርፌ የሚያጎርስላት አላፊ አግዳሚው ነው።

ሳቴኒክ መርፌውን ተቀብላ ክሩን እያሾለች፣ “ዲጊን ማክሩሂ፣ አያቴን ያውቁት ነበር?” አለች።

“የትኛውን?”

“የአባቴን አባት። ቦስታንጂውን።”

ባልቴቷ ጨርቁን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። “ቦስታንጂው ወንድ ነው ያለሽ ማን ነው?”

ክሩ ከሳቴኒክ እጅ አመለጠ። ቱርክኛ ወንድና ሴት በቃል አይለይም፤ ቦስታንጂ ስትል ቀሚስ ይልበስ ሱሪ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ስም ስትሰማ የታያት ባርኔጣ ያጠለቀ ሽማግሌ ነበር።

“አያትሽ ሆቫኪም የአህያ ኮርቻ ሰፊ ነበር፣” አለች ዲጊን ማክሩሂ። “መልከ መልካም ነበር፤ ጥቅሙ ግን እዚያ ላይ አበቃ። ጥጥ ለቀማው ሲደርስ ሥራ አለ ብሎ ወደ አዳና ወረደ፣ በዚያው ቀረ። ኋላ ሌላ ሴት ማግባቱን ሰማን። ሴት አያትሽ ከሁለት ወንድ ልጆች ጋር ቀረች።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ከወንዙ ማዶ ከአንዱ ባለርስት አጋ መሬት ተከራየች፤ ሐብሐብ ዘራችበት። የሐብሐብ ማሳ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ሌባው ብዙ ነው። ጠባቂ የሚሆነው ደግሞ ወንድ ነው። እሷ ግን የቅጠል ጎጆ ቀልሳ፣ ወንጭፏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በጋውን እዚያው ታድራለች። ሲደርስ በአህያ ጭና ገበያ ትወጣለች። ወንዶቹ መጀመሪያ ‘ቦስታንጂ መጣ’ እያሉ ያፌዙባት ነበር።”

“እሷ ምን ትላለች?”

“ዋጋ ትጨምርባቸዋለች።” ባልቴቷ ድዷን አሳይታ ሳቀች። “ሐብሐቧን አንዴ የቀመሰ ሌላ አይገዛም ነበር። ፌዙ እዚያው ስም ሆኖ ቀረ። ቄሱ እነዚህ ልጆች የማን ናቸው ሲል፣ ገበያው በሙሉ ‘የቦስታንጂ’ አለው። ቦስታንጂያን የተባላችሁት እንደዚያ ነው።”

“የራሷ ስምስ ማን ነበር?”

ዲጊን ማክሩሂ ብዙ አሰበች። “እኛ ቦስታንጂ ነበር የምንላት፣” አለች በመጨረሻ። “ሌላ ስም አልሰማሁም ልጄ። ስንሰደድ መንገድ ላይ ነው የቀረችው፤ ያን ጊዜም የጠሯት በዚያው ነው።”

ሳቴኒክ ሱቁ ስትደርስ የምሳ ሰዓት ነበር። አባቷ መጋረጃውን አውርዶ በደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ቆመች።

“ዲጊን ማክሩሂ ጋ ነበርኩ።”

“እንደምትሄጂ አውቄያለሁ።”

“ለምን ደበቅከኝ? የሚያሳፍር ነገር የለበትም እኮ።”

“ለአንቺ የለበትም።” ሚሳክ በመስታወቱ ውስጥ አያት። “የሰው ልጅ ሁሉ በአባቱ ይጠራል። እኔ ስሜ በተጠራ ቁጥር የሚነገረው አባቴ አለመኖሩ ነው። ልጆቹ ‘የአባትህን ቀሚስ ማን ያጥብለታል?’ ይሉኝ ነበር። እጄ እስኪዝል ድንጋይ እወረውርባቸው ነበር። አሌፖ ስንመጣ ከጥቂት ሽማግሌዎች በቀር የሚያውቀን ሰው ጠፋ፤ ስሙም ዝም ብሎ አትክልተኛ ሆነ። ደስ አለኝ። አሁን መታወቂያው መጣልኝና…” ፊቱን ከመስታወቱ ወደ እሷ መለሰ። “በርበርያን ልባል ነው። ፀጉር አስተካካይ። በገዛ እጄ ያገኘሁት እሱን ነው።”

ሳቴኒክ ልትከራከረው አስባ ነበር የመጣችው። ፊቱን ስታይ ግን እሱም ልክ እንደሆነ ተሰማት። እሷም ደግሞ ልክ ነበረች።

“አንተ በርበርያን ሁን፣” አለች። “እኔ ቦስታንጂያን እሆናለሁ።”

“አንድ ቀን እንኳ አላየሻትም።”

“እሱ ነው የቆጨኝ።”

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል። ቀይ ቆብ ያደረገው ወጣት ጸሐፊ ብዕሩን እየነከረ ቀና ሳይል ይጠይቃል።

“ስም?”

“ሚሳክ።”

“የቤተሰብ ስም?”

“በርበርያን።”

“የአባት ስም?”

“ሆቫኪም።” ይህን ሲል ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ነበር።

“የእናት ስም?”

ጸሐፊው ብዕሩን አንጠልጥሎ ጠበቀው። ከኋላ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ።

“ቱርቫንዳ፣” አለ።

ጸሐፊው አልሰማውም። “ማን?”

“ቱርቫንዳ፣” አለ ሚሳክ፣ አሁን ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማው። “ቱርቫንዳ ነበር ስሟ።”

ሳቴኒክ ስሙን በከንፈሯ ብቻ ደገመችው። ተራዋ ደርሶ ቀረበች። ጸሐፊው የቤተሰቧን ስም ሰማና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

“አባትሽ አይደሉም እንዴ አሁን የወጡት?”

“ናቸው።”

“እሳቸው በርበርያን፣ አንቺ ቦስታንጂያን? እንዴት ይሆናል?”

ሚሳክ ከበሩ ተመልሶ መጣ። “እሷ በእናቴ ወጥታ ነው፣” አለው። “ጻፍላት።”

ጸሐፊው ትከሻውን ነቅንቆ ጻፈ።

ወደ ኖር ኪዩግ በእግራቸው ተመለሱ። ሳቴኒክ ትጠይቃለች፣ አባቷ ይመልሳል። ቁመቷ? አጭር፤ ትከሻዋ ግን ሰፊ። ድምፅዋ? ወንዝ ማዶ ይሰማል። ሐብሐቡን እንዴት ነበር የምትመርጠው? ጆሮዋን ለጥፋበት፣ በጣቷ መታ አድርጋ፣ የታመመ ሰው እንደምትጠይቅ ዝም ብላ ታዳምጠዋለች። የማያውቀውን “አላስታውስም” ይላል፤ ጥቂት ሄድ ብለው ደግሞ ቆም ብሎ “ቆይ፣ ቆይ…” ይልና ያስታውሳል።

በዓመቱ ሳቴኒክ ቫህራምን አገባችና ታርፒኒያን ሆነች። ቫህራም “ያን ያህል ታግለሽ ለአንድ ዓመት ነው?” እያለ ያበሽቃታል፤ እሷም “ያ ዓመት የኔ ነው” ትለዋለች። ሚሳክ በሱቁ በር ላይ በርበርያን የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ሰሌዳውን ያነበበ አዲስ ደንበኛ “ሰፈሩ ግን ለምን ቦስታንጂ ይልሃል?” ሲለው ሚሳክ ምላጩን ያስቀምጣል። ከዚያ የእናቱን ታሪክ ከወንዙ ማዶ ካለው ማሳ ይጀምራል፤ ሰውየውም አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ ያዳምጣል።