ታጥቦ ካልሆነ አይሄድም

ልጄ ሐኪም ሲያይ የሚድን ልጅ ነበር። ቤት ውስጥ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ይጮሃል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይቆለመማል፣ ከንፈሩ አመድ ይመስላል፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፊቱ ሲቆም ግን ፍክት ይላል። ገና ሰባት ወሩ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ቤቱን ቀጥ አድርጎ ስለሚገዛ «አለቃ» እንለዋለን። አለቃ በዚያ ሁለት ቀን የሠራኝን ሥራ ጠላትም አይሠራኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ጀመረው። ጡት ጠግቦ፣ ምንጣፍ ላይ ተንጋሎ ከእግሩ ጣት ጋር ሲጫወት ድንገት ጮኸ። የረሃቡን ጩኸት አውቃለሁ፣ የእንቅልፉንም አውቃለሁ፤ ይሄኛው ሌላ ነበር። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጮኾ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ዝም አለ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ጣቱ ተመለሰ። እፎይ ብለን ሳንጨርስ፣ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ደግሞ ጮኸ። በሦስተኛው ላይ ሚስቴ «ሆስፒታል» አለች። እኔ አንድ እግር ጫማ አጥልቄ ሌላውን ስፈልግ እናቴ ልጁን ከሚስቴ እጅ ወስዳ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች።

እናቴ ልጁ ሲወለድ ለአንድ ወር ልትረዳን መጥታ ነው፤ ወሩ እስካሁን አላለቀም። አልጠላሁትም፣ ቤታችን ጽድት ብሏል። ግን አንድ ሕግ አላት። ልጅ ሳይታጠብ ሐኪም ዘንድ አይቀርብም። ውሃ ይሞቃል፣ አለቃ ይታጠባል፣ ቅባት ይቀባል፣ ነጩን ልብስ ይለብሳል፣ ያቺ አምስት ክር ፀጉሩ ሳትቀር ትበጠራለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰው ሊሞት ነው እያልኩ ብለፈልፍ፣ ሚስቴ ብትለምን፣ ወይ ፍንክች። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ታጥቦ ካልሆነ አይሄድም።»

የሆስፒታሉን ካርድ ክፍል ያላየ ሰው ትዕግሥተኛ ነኝ ቢል አትመኑት። መስኮት አንድ ወደ መስኮት ሦስት ላከን፣ ሦስት ወደ አንድ መለሰን። በመካከሉ አለቃ ወረፋ ላይ አስመለሰው። ገና ዞር ስል እናቴ ከሕዝቡ ነጥቃው ጥግ ይዛ፣ ከቦርሳዋ ሌላ ልብስ አውጥታ ቀይራው፣ አፉን ጠርጋ መልሳ አስታቀፈችኝ። ያ ቦርሳ ሦስት ሙሉ ቅያሪ ይይዛል። የጠረገችበትን ጨርቅ የት እንዳደረሰችው እግዜር ይወቅ።

በመጨረሻ ፀጉሯን ከኋላ ያሰረች አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ገባን። ለአርባ ደቂቃ ስንጠብቅ እየጮኸ የነበረው አለቃ ሆዬ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የማዳመጫዋን ገመድ ጨብጦ ሳቀ። ሳቁም እንደ ጉድ ነው። ሐኪሟም አብራው ሳቀች። ስለ ጩኸቱ ነገርኳት። ትውከቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ጠየቀችን፤ እኔ አላየሁም፣ ሚስቴም አላየችም። ሰገራውስ ስትል እናቴ ቀደመችን፦ ደህና ነው፣ ልጁ ንጹሕ ነው፣ እንደሚያዩት ነው። ሐኪሟም እንደምታየው አየችው። ሳሙና ሳሙና የሚሸት፣ የተበጠረ፣ ነጭ በነጭ የለበሰ ሳቂታ ልጅ። የሆድ ነፋስ ሊሆን ይችላል፣ ጥርስም ሊሆን ይችላል አለችና፣ ከባሰበት እንድንመለስ ነግራ ሸኘችን።

ባሰበት። ረቡዕ ጠዋት ጩኸቱ ቀነሰ፣ እኔን ያስፈራኝም ይሄ ነው። በጩኸቶቹ መካከል መጫወቱን ትቶ እንደ እርጥብ ፎጣ እጄ ላይ ዝልፍልፍ ይላል። ጡት እምቢ አለ። እንደገና ውሃ ሞቀ፣ እንደገና ቅባት፣ እንደገና ማበጠሪያ። በዚያን ቀን ያገኘነው ሐኪም ሌላ ነበር፤ ጺሙን ያሳደገ፣ ዓይኑ ከካርዱ የማይነሳ ሰውዬ። ትናንት የተጻፈውን አነበበ፣ ሆዱን በሁለት ጣት ነካ ነካ አደረገው፣ የሚንጠባጠብ መድኃኒት አዘዘ። ወጥተን ልንሄድ ስንል ወላጅ ሲጨነቅ ሕፃኑም ይጨነቃል ብሎ መከረኝ። ደሜ ፈላ። እዩት ብዬ እንዳልከራከር፣ ልጁ እንደሆነ እጄ ላይ ሙሽራ መስሎ ተኝቷል።

ቤት እንደደረስን ሚስቴ ላይ ጮኽኩባት። ለምን አጥብቀሽ አልተናገርሽም፣ ለምን አላለቀስሽም፣ ሌሎች እናቶች እኮ ያለቅሳሉ አልኳት። እሷ ለሁለት ቀን ዓይኗን አልከደነችም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ልጁን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ደግሞ በጥፋቴ ላይ ሌላ ጥፋት ላለመጨመር ወደ ጓሮ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ሥራዬን መናገር አለብኝ። ላውንደሪ ቤት ነው የምሠራው። ካውያውን ሌሎች ይዘውታል፤ የእኔ ድርሻ እድፍ ነው። ሰው ሸሚዙን አምጥቶ ምን እንደነካው አላውቅም ይላል፤ እኔ አይቼ፣ ዳስሼ፣ አንዳንዴም አሽትቼ፣ ይሄ ዝገት ነው፣ ይሄ ዘይት ነው፣ ይሄ ሚስትህ እንድታይ የማትፈልገው የከንፈር ቀለም ነው እለዋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። በዚያችው ሰዓት እንኳ አሠሪዬ ወይን ስለፈሰሰበት አንድ ቀሚስ ለአራተኛ ጊዜ እየደወለልኝ ነበር፤ ስልኩን አጠፋሁት።

ጓሮ የአለቃ የሽንት ጨርቆች ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ስምንት ናቸው፣ ሰባቱ ዓይን የሚወጋ ነጭ። ስምንተኛው መሐሉ ላይ ዳር ዳሩ የጠቆረ ቡናማ ክብ አለበት። ሌላ ሰው ቢያየው ያረጀ ጨርቅ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ያን ክብ ከአንሶላ ላይ፣ ከሐኪም ጋዋን ላይ፣ ከሥጋ ነጋዴ ሽርጥ ላይ ስንት ሺ ጊዜ አይቼዋለሁ። ደም ነው፤ በፈላ ውሃ የታጠበ ደም። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ወዲያው ከታጠበ ይለቃል። ሙቅ ውሃ ከነካው ግን ጨርቁን ይነክሳል፣ ከዚያ በኋላ አምላክ ይርዳህ። ይህን ለእናቴ መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ውሃ ካልፈላ ምን ያጸዳል ብላ መቶ ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላኛለች። አንድ ቀን ሰምታኝ ብትሆን ኖሮ ያን ቀን ገመዱ ላይ ምንም አላይም ነበር።

ጨርቁን ይዤ ገባሁና ይሄ ምንድን ነው አልኳት። ድስት እየፈተገች ነበር። ትናንት ጠዋት ስታጥበው ትንሽ ቀላ ያለ ንፍጥ የመሰለ ነገር ነበረበት፣ ዛሬም ጠዋት እንዲሁ፤ እሷ እንደሆነ ይሄንን አጥባዋለች፣ የዛሬውንም ዘፍዝፋዋለች፣ አለችኝ። እንግዲያው ሐኪሟ ስትጠይቅሽ ለምን አልተናገርሽም ስላት፣ በንጹሕ ልጅ ላይ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር አወራለሁ አለች።  ልጄ ከውስጡ እየደማ ነው፣ እኛም እያጠብን እያበጠርን ይዘነው እንዞራለን።

አለቃን ከሚስቴ እጅ ተቀብዬ፣ ፊቱ ላይ የደረቀ ትውከቱ እንዳለ፣ ወደ በሩ ሄድኩ። እናቴ ነጩን ልብስ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። የመታጠቢያው ውሃ ተጥዷል፣ አንድ አፍታ ነው አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን በክንዴ ገፋ አድርጌ አለፍኩ። ተከትላን ታክሲ ውስጥ ገባች። ተቀብላኝ ስታቅፈው አለቃን ትከሻዋ ላይ አረንጓዴ ነገር አስመለሰው፤ መጥረጊያ አላወጣችም።

የመስኮት አንዱ ጸሐፊ ዛሬ ታይታችኋል፣ ቀጠሯችሁ ከሳምንት በኋላ ነው አለን። አስረዳሁት። ካርዱን አዙሮ አሳየኝ። እንደገና አስረዳሁት፤ ውሃ መውቀጥ ሆነብኝ። ያን ጊዜ እርጥቡን ጨርቅ በመስኮቱ አሾልኬ መዝገቡ ላይ ዘረጋሁለት። እሱም ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ፣ ዘበኛው መጣ። በጩኸታችን ያቺ ፀጉሯን ያሰረችው ሐኪም ከክፍሏ ወጣች።

«ዶክተር፣ ይሄ ደም ነው» አልኳት። «ከልጁ ነው የወጣው።»

«ታጥቧል እኮ። በምን አወቁ?»

«ሥራዬ ነው። ደም በሙቅ ውሃ ሲታጠብ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሌላ ምንም ነገር እንዲህ አይሆንም።»

ጨርቁን አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ከዚያ ልጁን አየችው፤ አልሳቀላትም። ሳትጠይቀኝ ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛ ላይ አስተኛችውና የታጠቀውን የሽንት ጨርቅ ፈታች። ውስጡ የጠቆረ ቀይ ነገር፣ እንደ ረጋ ማርማላታ ያለ። ትናንት ይህን ብታይ ኖሮ ወደ ቤት እንደማትሸኘን ከፊቷ አነበብኩ። ሆዱን ቀስ ብላ ስትዳብስ በቀኝ በኩል እጇ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሩጫ በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። በአልትራሳውንድ አዩት። አንጀቱ ወደ ራሱ ውስጥ ገብቷል አሉን። ሚስቴ አልገባትም፤ እኔ ግን ገባኝ። ሹራብ ሲያወልቁት እጅጌው ወደ ውስጥ እንደሚገባው ነው፤ የገባው ክፍል ደም አጥቶ እየሞተ ነው። በአየር ግፊት ሊመልሱት ሞከሩ፣ አልመለስ አለ። ቅጽ አስፈረሙኝ። የፈረምኩት ፊርማ የእኔን አይመስልም ነበር። አለቃን በትልቅ አልጋ ላይ፣ እንደ እሱ ያሉ ሦስት ልጆች በሚይዝ አልጋ ላይ፣ እየገፉ ወሰዱት፤ በሩም ተዘጋ።

ኮሪደሩ ውስጥ ሦስታችን በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። ሚስቴ በአንድ ጫፍ፣ እናቴ በሌላው ጫፍ፣ እኔ መሐል። ሚስቴ ወደ እናቴ በኩል አልዞረችም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው የቆየነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሠራል ወይስ ቆሟል ብዬ በየደቂቃው ከእጄ ሰዓት ጋር አስተያየሁት።

ቀዶ ሐኪሙ ቆቡን እያወለቀ ወጣ። የገባውን አንጀት ወደ ቦታው መለስነው፣ ቀለሙ ተመለሰ፣ የተቆረጠ ነገር የለም አለን። ግማሽ ቀን ብትዘገዩ ግን ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው ብሎ ሄደ። ሚስቴ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። እኔ ማልቀስ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ፍርሃቱ ሲለቀኝ ከሥሩ ንዴቱ እንዳለ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«ሁለት ጊዜ የመለሱን በአንቺ ነው» አልኳት እናቴን። «ደሙን እያየሽ ታጥቢያለሽ። ማን ምን እንዳይልሽ ነው? ልጄን እኮ ልትገይው ነበር።»

እናቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታይ ነበር። 

«አንድ ጊዜ እንዲሁ ይዤው ሮጬ ነበር» አለች። «ሲያስመልሰው፣ ሲያስቀምጠው፣ እንዳለ አቅፌው። እኔም እሱም አንድ ሆነን። ካርድ የምትጽፈዋ ሴት አፍንጫዋን ያዘች። ‹እንዲህ አድርገሽ ነው ልጅ ሐኪም ዘንድ የምታመጪው? ሂጂ፣ አጥበሽው ነይ› አለችኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ። እኔም ሄድኩ።»

ሕፃን እያለሁ በጣም ታምሜ እንደነበር ሲወራ ሰምቻለሁ። ያንን የምታነሳ መስሎኝ፣ እንግዲህ እኔ ድኛለሁ አይደል አልኳት፤ ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።

«አንተ አይደለህም» አለች። «ካንተ በፊት የነበረው ነው። ውሃው እስኪሞቅ አልቆየልኝም።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት የበኩር ልጅ ነኝ ስል ኖሬያለሁ። ስሙን እንኳ አላውቅም። ሚስቴ ማልቀሷን አቁማ በእኔ ላይ አሻግራ እናቴን እያየቻት ነበር፤ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ ልጁ ነቅቷል፣ እናትየዋና አንድ ሰው ብቻ መግባት ትችላላችሁ አለች። ሚስቴ ዘላ ተነሳች። እኔም ተነሳሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ግቢ» አልኳት እናቴን።

ብድግ ብላ ቀሚሷን ወደ ታች አየች። ትከሻዋ ላይ የአለቃ ትውከት ደርቋል፣ እጅጌዋ ላይም ከየት እንደመጣ የማላውቀው ደም አለ። መታጠቢያው በየት በኩል እንደሆነ ለመፈለግ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ዞር አለች።

«እንዲህ ሆኜ?» አለች።

«ይምጡ እማማ» አለች ሚስቴ፣ ያንኑ የቆሸሸ እጅጌዋን ይዛ። «እንዲሁ ይግቡ።»

ይዛት ገባች።