የፀደይ መርዶ

አያ ላቀው ሚስቱን ይርገዱን በመንደራቸው በድብ ባሕር ቀብሮ ሲመለስ ለቀስተኛው ሁሉ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ጎንደር የምትማረው ልጃቸው ፀደይ መርዶዋን መቼ ትሰማለች?

"አትሰማም" አለ ላቀው።

ምን ዓይነት አባት ነው አትበሉ። ታናሽ ወንድሙ በላቸው እርፍ ጨብጦ ቢውል የማይደክመው ጎበዝ ነበር። የበኩር ልጁን መርዶ በነገሩት ሰሞን እንቅልፍ አጣ፣ ብቻውን ማውራት ጀመረ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነም። አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ ይባላል። ላቀው ወንድሙን ሆስፒታል በወሰደ ጊዜ ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ አስረድታዋለች። "ተጋላጭነቱ በዘር ይወረሳል። ዘሩ ብቻውን ግን አያሳምምም፤ ከባድ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብቸኝነት ሲደራረብበት ነው የሚነሳው።" ከዚህ ሁሉ ላቀው ጆሮ የገባው ሐዘን የሚለው ብቻ ነው። ዘሩን ከልጁ ደም መንቀል አይችልም፤ ሐዘኑን ግን እደብቃታለሁ አለ። የጨነቀው ሰው ምን ያድርግ?

ፀደይ ስትደውል "እናትሽ ጸበል ገብታለች፣ ስልክ አይፈቀድም" ይላታል። "ልምጣ?" ስትለው "መንገዱ ሸጋ አይደለም፣ እዚያው ሁኚ" ይላል። አክስቷ አበቡንም የፀደይን ስልክ እንዳታነሳ አስማላት። ልጅቷ እዚያው ጎንደር አራዳ ሰፈር በተከራየቻት ክፍል ብቻዋን ቀረች።

ወሩ ሲጋመስ አበቡ አላስቀምጠው አለች። "ምነው አያ ላቀው፣ እናቷን ሳታለቅስ ልትቀር ነው? ከባዳ አፍ ብትሰማውስ?" ሽማግሌ ይዘው ጎንደር ገብተው አደሩና ማለዳ፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ በሯን አንኳኩ።

ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ደጁ ላይ ያየ ልጅ ሳይነግሩት ይጮሃል። ፀደይ አልጮኸችም። ከስታለች፤ ዓይኗ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል።

"ልጄ፣ እናትሽ..." ብሎ ላቀው ሲጀምር አቋረጠችው።

"ከእንግዲህ አትዋሸኝ አባዬ። ጸበል እንዳልገባች አውቄያለሁ።"

ሰምታለች ማለት ነው። ሰምታም ቆማለች። ላቀው ተመስገን ሊል አፉን ከፈተ።

"እዚህ ናት" አለች ፀደይ። "ስልክ ስትከለክላት ራሷ መጣች። ሌሊቱን ሙሉ ስናወራ ነው የምናድረው። ቀስ በሉ፣ ገና አሁን ነው የተኛች።" ባዶውን አልጋ አሳየቻቸው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ላቀው የፈራውን ሲሸሽ በገዛ እጁ አምጥቶት ነበር፤ ይህንንም እዚያው ደጃፉ ላይ አወቀው። አበቡ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሽማግሌዎቹ እሱን እሱን ያያሉ፤ መርዶው ገና አልተነገረማ። ቢናገር የሞተችውን ዛሬ ዳግም ሊገድልባት ነው። ዝም ቢልም ሕመሙ ይብስባታል።

"እሺ ልጄ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንቀሰቅሳትም።"