የወንዳወቅ ላም

ቡርቱካን ቢሮዬ የገባችው ጥቁር መነጽር አድርጋ ነው። ወንበሮቹ ስለተዘረፉ እኔ ጄሪካን ላይ፣ እሷ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጥን። የ2014 ታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን ነበር፤ ወልድያን ይዘው የቆዩት ታጣቂዎች ገና መውጣታቸው ነው።

"ጋሼ፣ ባጃጄን ፈልግልኝ።"

"እኔ የሕግ አስተማሪ እንጂ መርማሪ አይደለሁም።"

"ለመጨቃጨቅስ በወልድያ ካንተ ሌላ ማን አለ?"

ልቆጣ ብዬ ነበር፤ እውነት ሆነብኝ።

ቡርቱካን ልጇን የምታሳድገው ባጃጅ እየነዳች ነው። ነሐሴ ላይ ስትሸሽ መርሳ ዳር ለሚኖረው አበልጇ፣ ለልጇ ክርስትና አባት ለወንዳወቅ፣ ባጃጁን አደራ ሰጠችው። ስትመለስ "ታጣቂዎች ወሰዱት" አላት። ጎረቤት "እግዜር ይተካልሽ" ሊላት ሲመጣ ከእሷ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው።

በዚያ ሰሞን ሌባው ሁሉ ጥፋቱን ለጦርነቱ ያሸክም ነበር። ጦርነት ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ አይከራከር!

መርሳ ወረድን። ወንዳወቅ ገና ሳንጠይቀው ዓይኑን ጠረገ።

"ገብርኤልን፣ አበልጄ፣ እንቅልፍ የለኝም!"

እኔ ግን ግቢው ውስጥ የታሰረችውን ላም እያየሁ ነበር። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ከጀርባዋ ቤት የሚያህል የማሽላ አገዳ ተከምሯል፤ አንዲት አገዳ አልተነካችም።

"ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?"

"መኖ ከየት ይምጣ፣ ጋሼ? ጦርነቱ!"

"ይሄስ ክምር?"

"እሱማ... ለክረምት ነው።"

"ላም ገድሎ መኖ የሚቆጥብ ገበሬ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ አልተወለደም!" ብዬ ጮህኩ።

ቡርቱካን ቀድማኝ የላሟን ገመድ ፈታች።

"ኧረ ተይ አበልጄ፣ ሆዷን ይነፋታል!"

ላሟ ምስክርነቷን ጀመረች። ጎተተች፣ አኘከች፣ እንደገና ጎተተች። ክምሩ ሲናድ የባጃጁ ሰማያዊ አፍንጫ ብቅ አለ።

"መጀመሪያ በእውነት ነው የደበቅኩልሽ" አለ ወንዳወቅ። "ከታጣቂ አተረፍኩት!"

"ካንተስ ማን ያትርፈው?"

ሚስቱ ወርቅዬ ከጓዳ ወጣች። ባጃጁን አየች፤ ላሟን አየች።

"ልጆቼ ወተት ያጡት ለዚህ ነው? እኔንም 'ለክረምት' ብለህ?"

ልጆቿን ይዛ ባጃጁ ላይ ከኋላ ተሳፈረች። "ሐራ ከተማ፣ እናቴ ቤት አድርሽኝ።"

ቡርቱካን ቁልፉን አዞረች። ባትሪው ሞቷል። መነጽሯን አወለቀችና ወንዳወቅን ዞራ አየችው።

"በል አበልጄ፣ ግፋ!"

ገፋ። ሚስቱን፣ ልጆቹንና ባጃጁን ከግቢው እስኪወጡ ገፋ። ላሟ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።